ከባላንጣው ጀምሩ፦ በራያ ቆላ የልዕለ ጀግና ኮሚክ ለመሥራት

የልዕለ ጀግና ኮሚክ ለመሥራት የተነሣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚስለው ጀግናውን ነው። ካባ ያለብሰዋል፣ ደረቱ ላይ ምልክት ይለጥፍለታል፣ ክንዱን ያፈረጥምለታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ታሪኩ ቀጥ ይላል፤ ያን ሁሉ ጉልበት የሚገጥመው የለምና። ይህ መመሪያ ከሌላው ጫፍ ይነሣል። ቆቦ፣ ሮቢት፣ ጎብዬ ወይም ዞብል ሥር ሆናችሁ ኮሚክ መሥራት ካሰባችሁ መጀመሪያ ባላንጣውን ፈልጉ። ባላንጣው በደንብ ከታወቀ፣ ጀግናው ማን እንደሚሆን፣ ምን ኃይል እንደሚያስፈልገውና ታሪኩ በምን እንደሚቋጭ ከእሱ ታገኙታላችሁ።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ነጭ ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ፣ ቀጭንና ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ፣ ስቴፕለር። ኮምፒውተር ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ግን የሚቀር ነገር የለም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ከተማ ሁሉ ማተሚያ ቤት አለው ብላችሁ ተነሡ።

ከእናንተ በፊት የሠሩትን እዩ

ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሲታተም ሽፋኑ ላይ መኪና በሁለት እጁ አንሥቶ ይታይ ነበር። መኪና የሚያነሣን ሰው ማን ይገዳደረዋል? ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1940፣ ሌክስ ሉተር መጣ፤ ያለው ጭንቅላት ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ጆከር ባትማንን ገጠመ። ባትማን ሁሉን አስቦና አቅዶ የሚሠራ ነው፤ ጆከር ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከቶ አይታወቅም። ሁለቱም ባላንጣዎች ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እስካሁን የሚነበቡት ጀግናውን በማይችለው በኩል ስለሚመጡበት ነው። በጡንቻ የሚበልጠውን በጡንቻ አይገጥሙትም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ብስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ይህን የመረጠው ጸሐፊ አስተዋይ ነው፤ ኃይል ከማግኘቱ በፊት ሥራ አጥነቱን አይተን አዝነንለታል። ቀጥላ «ሃዊ» መጣች፤ የእሷ ጀግና ሴት ናት። የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የአኒሜሽን ሥራም ሦስት ልጃገረዶችን ያለ ዕድሜ ጋብቻን ከመሰሉ ጎጂ ልማዶች ጋር ያጋጥማል። ባላንጣ የግድ ሰው መሆን እንደሌለበት ከዚህ ሥራ ተማሩ። አንድ ልማድ፣ አንድ በሽታ፣ አንድ አረም ባላንጣ ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የራሳችን ሰዓሊዎች ነበሩ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ሳጥን ከፋፍሎ፣ ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋር አጭር ጽሑፍ አኑሮ፣ ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ የሚተርክ ሸራ አዲስ አበባ በሥዕል መሸጫ ሱቆች ሲንጠለጠል አይታችሁ ይሆናል። ያ ኮሚክ ነው። ሳጥን አለው፣ ጽሑፍ አለው፣ ጊዜው ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። የመጀመሪያው ባላንጣም እዚያው አለ፤ ልጃገረድና ከብት የሚገበርለት አርዌ የተባለው ዘንዶ። የታሪኩ ጀግና አንጋቦ ይህን ዘንዶ በምን እንደገደለው አስታውሱ፦ መርዝ ያበላትን ፍየል አቀረበለት። ዘንዶውን የጣለው የራሱ ሆድ ነው። ይህን ያዙት፤ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ባላንጣውን ከመሬቱ አውጡት

ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከቤት ውጡ። ከማሽላ ማሳ ዳር ያገኛችኋቸውን አባት ወይም እናት አረፍ ሲሉ ጠብቃችሁ «አያ፣ ባለፉት ዓመታት አዝመራዎን የወሰደብዎ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እንደተናገሩት፣ በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ሦስት አራት ሰው ከጠየቃችሁ ከባትማን መንደር የበለጠ የባላንጣ ዝርዝር ይኖራችኋል።

ግሪሳ ወፍ ይነሣል። ማሽላ ሲያሸት በመንጋ የሚወርድ፣ ልጆችን ከጠዋት እስከ ማታ ማማ ላይ የሚያቆም ነው። ግን ግሪሳ ዋና ባላንጣ አይሆንም፤ ወንጭፍ ያባርረዋል። እሱን የዋናው ባላንጣ ጭፍራ አድርጉት።

አንበጣ ይነሣል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ራያ ቆቦ ላይ የወረደውን መንጋ ያየ ልጅ አይረሳውም፤ ሰዉ በጅራፍ፣ በጩኸት፣ በጣሳና በቆርቆሮ ድምፅ ሲከላከል ነበር። ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ሊበላ ይችላል። ለኮሚክ የሚገርመው ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም። የበረሃ አንበጣ ብቻውን ሲሆን ገር ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ከመሰሎቹ ጋር ተፋፍጎ ሲነካካ ግን ቀለሙም ጠባዩም ይለወጣል፤ ተሰልፎ ይጓዛል። ብቻውን ደግ፣ በመንጋ ጨካኝ የሚሆን ባላንጣ ማንም ሰዓሊ ሊመኘው የሚገባ ነው። ለሁለተኛው ቅጽ አስቀምጡት።

ጎርፍ ይነሣል። ይኼኛው ግን አስቸጋሪ ነው፤ ባላንጣም ወዳጅም ነውና። በምዕራብ ካለው ደጋ የዘነበው ዝናብ ወደ ቆላው ሲወርድ የራያ ገበሬ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ደለሉ መሬቱን ያዳብራል፣ እርጥበቱ ማሽላውን ያሳድራል። ያው ጎርፍ መስመሩን ሲስት ማሳውን ገምሶ ይሄዳል። ጎርፍን በታሪካችሁ ውስጥ ለማንም የማይወግን ሦስተኛ ወገን አድርጉት። አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ ያጠፋል፤ ቀድሞ አይናገርም።

ከሁሉም እኔ የምመርጥላችሁ ግን አቀንጭራን ነው።

አቀንጭራን ከቅርብ እዩት። በማሽላው መሐል ከጉልበት ብዙም የማይዘል፣ ወይን ጠጅና ሮዝ የቀላቀለ አበባ ያለው ቆንጆ ተክል ነው። አላዋቂ ለጸጉሯ ጌጥ ትቀጥፈው ይሆናል። አጠገቡ ያለው ማሽላ ግን ዝናብ እየጣለ ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ እሸቱ ይመነምናል። አቀንጭራው ከአፈር ላይ ብቅ ባለ ጊዜ አብዛኛው ጥፋት አስቀድሞ ተፈጽሟል። ሳምንታት ሙሉ መሬት ውስጥ ሆኖ የማሽላውን ሥር ወግቶ ገብቶ፣ ውኃውንና ምግቡን እየመጠጠ ቆይቷል። አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ዘሩ ከአቧራ አይለይም፤ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ተኝቶ መቆየት ይችላል። በጎርፍ ይጓዛል፣ በከብት ሰኮናና በሰው ጫማ ይጓዛል።

አሁን ደግሞ እንዴት እንደሚነቃ ስሙ፤ ኮሚካችሁ ያለው እዚህ ነው። የአቀንጭራ ዘር ዝናብ ብቻውን አያነቃውም። የማሽላ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀው ንጥረ ነገር አለ፤ እርጥበት ያገኘው ዘር የሚነቃው ያንን ሲያገኝ ነው። ማለትም ማሽላው ራሱ ሳያውቅ ጠላቱን ይጠራል። የነቃው ዘር ደግሞ ጊዜ የለውም፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ ይሞታል። እንግዲህ ባላንጣችሁ ሳይንስ የጻፈለት ጠባይ አለው። ትዕግሥቱ ዓመታትን የሚሻገር፣ ጆሮው ስል፣ መልኩ ያማረ፣ ለብቻው መኖር የማይችል፣ ከነቃ በኋላ በሞትና በሕይወት መካከል የሚሮጥ። ለምን ክፉ ሆነ ቢባል «ካልያዝኩ እሞታለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጥሩ ባላንጣ የራሱ እውነት አለው። ያንን እውነቱን አንድ ገጽ ሙሉ ስጡት፤ አንባቢ ትንሽ እንዲያዝንለት አድርጉ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ጥፋት ይበልጥ ያማል።

ባላንጣን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ የምናገረው አለ። ራያ ጦርነት ያየ ምድር ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቆቦ ያሳለፈችውን ልጆቿ ያውቁታል። ቁስሉ ትኩስ በሆነበት ቦታ ለባላንጣ የአንድን ሕዝብ ልብስ፣ የአንድን ቋንቋ ቃና፣ የአንድን ሃይማኖት ምልክት ማልበስ ቀላል ነው፤ ሥዕሉም ቶሎ ይገባል። አታድርጉት። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ በሚሰማበት ቆላ፣ ኮሚካችሁን የሚያነብ ልጅ የጎረቤቱን ፊት በባላንጣው ፊት ላይ ማየት የለበትም። ስለ ጦርነቱ መሥራት ከፈለጋችሁ ስለተፈናቀለው፣ ስለተራበው፣ ስለተመለሰው ሰው ሥሩ፤ ባላንጣው ራሱ ጦርነቱ ይሁን።

ጀግናዋን ከባላንጣው ቅዱ

ባላንጣው የሚሰማ ከሆነ ጀግናው ዝም ማለት የሚችል መሆን አለበት። ከዚህ ተነሥቼ ለናሙና አንዲት ልጅ ልስጣችሁ፤ እናንተ የራሳችሁን ፍጠሩ። ስሟ ዘርትሁን፣ ዕድሜዋ አሥራ አራት፣ ስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከአያቷ ጋር በዞብል ተራራ ግርጌ ትኖራለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማማ ላይ ወጥታ ግሪሳ ትጠብቃለች። ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን አፈር ላይ ስታሳርፍ መሬት ውስጥ የሚሆነውን ትሰማለች።

ኃይል ሲሰጥ ዋጋውም አብሮ ይሰጣል፤ ዋጋ የሌለው ኃይል ታሪክ ይገድላል። የዘርትሁን ዋጋ ዝምታ ነው። እያዳመጠች አንድ ቃል ብትናገር አቀንጭራም ይሰማታል፤ ይነቃል። ስለዚህ ያወቀችውን በቦታው ለማንም መንገር አትችልም። አያቷ ሲጠይቋት አትመልስም፤ ጓደኞቿ ኮራች ይሏታል። አሁን ጀግናችሁ ከባላንጣው ሌላ ከሰው ጋርም ችግር አላት፤ ይህ ነው ገጽ የሚያስገለብጠው።

ይህች ዝምታ ከየት መጣች ብትሉ፣ ከእውነተኛ ማሽላ ነው የወሰድኩት። አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በማውጣት የታወቀው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝቷል። ከዚያ ሥራ ወጥተው በአገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዷ ስሟ ጎብዬ ነው፤ በመኪና ከቆቦ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፏትን ከተማ ስም ይዛለች። የጎብዬ ማሽላ ብልሃት ግልጽ ነው፤ ሥሯ ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ጠላቷን አትጠራም፤ ስለማትጠራው አይነቃም። አንድ ልጅ ይህን ከኮሚካችሁ ተረድቶ ለአባቱ ከነገረ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ የበለጠ ሠርታችኋል። ስለ ዝርያውና ስለ አረሙ ለማጣራት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ በዚሁ በሰሜን ወሎ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ማሽላን ሲመረምር የኖረ ተቋም ነው።

ልብሷን በተመለከተ፦ ካባ አያስፈልግም። ነሐሴ ላይ በቆቦ ሶለል ሲጨፈር ልጃገረዶቹን አይታችሁ፣ የቀሚሱን ጥልፍ፣ የሹሩባውን አሠራር፣ የአንገቱን ጌጥ ከዓይናችሁ ሳሉ። በፎቶ ያያችሁትን የሌላ አገር ልብስ ከመቅዳት አክስታችሁን አንድ ሰዓት አስቀምጣችሁ ብትስሉ ይሻላል። መሣሪያዋ ወንጭፍ ነው።

ፍጻሜውን አስቀድማችሁ ጻፉ

መጨረሻውን ሳታውቁ ገጽ አንድን አትሳሉ። አርዌ በሆዱ እንደተሸነፈ አቀንጭራም በጆሮው ይሸነፍ። ገበሬና ተመራማሪ የሚያውቁት አንድ ዘዴ አለ። ጥጥና ሰሊጥን የመሰሉ ሰብሎች ሥራቸው አቀንጭራን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ግን በእነሱ ላይ መኖር አይችልም። ይነቃል፣ ይፈልጋል፣ አያገኝም፣ ይሞታል። ስለዚህ በመጨረሻው ፍልሚያ ዘርትሁን ዓመቱን ሙሉ የፈራችውን ታደርጋለች፤ ሰሊጥ በተዘራበት ማሳ መሐል ቆማ በሙሉ ድምጿ ትጮኻለች። ባላንጣው ማሽላ ያገኘ መስሎት ከነሠራዊቱ ይነሣል። የሚይዘው ሥር የለም።

ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፉት። አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የሚተኛ ዘር በአንድ ክረምት አያልቅም፤ እንዲያውም ይህ ለሁለተኛው ቅጽ በር ይከፍትላችኋል።

ባላንጣችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ ሌላ አጨራረስ አለ። ራያ ቆቦ ውስጥ የደም ጠብ ሲነሣ የዘወልድ ሽማግሎች ተቀምጠው ያበርዱታል። ጀግና ባላንጣውን ከገደል ከመጣል ይልቅ ከሽማግሌ ፊት የሚያቀርብበት የመጨረሻ ገጽ፣ በሌላው ዓለም ኮሚክ ብዙም የማይታይ የእኛ ፍጻሜ ነው። ለመሳልም ከፍልሚያ ይከብዳል፤ ሰው ተቀምጦ ሲነጋገር ማሳየት እጅ ይፈትናል። ቢከብድም ሞክሩት።

ፊት፣ ዓይን፣ አድማስ

በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው ሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል። የአድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይም ወራሪው በጎን፣ ወገን ፊት ለፊት ነው። ይህን ሕግ ውሰዱት፤ የማንም ንብረት አይደለም፣ አንባቢያችሁም ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። አቀንጭራን ከመጀመሪያ ገጽ ጀምሮ በአንድ ዓይን ሳሉት። እውነቱን በሚናገርበት በዚያ አንድ ገጽ ላይ ብቻ ፊቱን አዙሩት፣ ሁለት ዓይኑ ይታይ። ምንም ማብራሪያ አትጻፉ፤ አንባቢው ራሱ ይደነግጣል።

ቦታውን ከቤታችሁ በር ሆናችሁ ሳሉት። የራያ ሜዳ ሰፊ ነው፤ በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ ግድግዳው የደጋው አፋፍ። ስለዚህ የአድማሱን መስመር ከሳጥኑ መሐል አውርዳችሁ ሰማዩን ሰፊ አድርጉት፤ ሙቀቱና ባዶነቱ የሚሰማው ያኔ ነው። ማሽላ ውስጥ ስትገቡ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ አገዳው ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ሰማዩን ሸፍኑት፣ ሳጥኑን ቀጥ ባሉ መስመሮች ሙሉት። ግመል፣ ባጃጅ፣ የወልድያ–አላማጣ አስፋልት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በለስ፤ እያንዳንዱን አንዴ ከእውነተኛው አይታችሁ ሳሉ። ከዚያ በኋላ ከአእምሮ ይመጣል።

አንድ ገጽ እንዴት ይከፋፈላል

ከመሳላችሁ በፊት ገጹን በጽሑፍ ክፈሉት። ለምሳሌ ከናሙናችን ገጽ ሦስት፣ ስድስት ሳጥን፦

ሳጥን 1፣ የገጹን ሲሦ የያዘ። ማለዳ። ዘርትሁን ማማ ላይ ቆማ ወንጭፏን ታዞራለች፤ ከኋላዋ ዞብል። ድምፅ፦ ጧ!

ሳጥን 2። የግሪሳ መንጋ ከማሽላው ተነሥቶ ሰማዩን ሲያጠቁር። ድምፅ፦ ፍርርር!

ሳጥን 3። አያቷ ከማሳው መሐል፣ የጠወለገ አገዳ በእጃቸው። አያት፦ «ዝናቡ አልጎደለ፣ ውኃው አልራቀ። ምን ነካው?»

ሳጥን 4፣ ጠባብ። ከማማው የወረደች እግር ጫማ ስታወልቅ። ቃል የለም።

ሳጥን 5፣ ጠባብ፣ ቁመቱ ረጅም። መሬቱ ለሁለት ተቆርጦ። ከላይ ባዶ እግሯ፣ ከታች የማሽላው ሥር፣ ከሥሩ ላይ የተጣበቀ ቀጭን ነጭ ክር። ክሩ ጫፍ ላይ የተከፈተ አንድ ዓይን። ቃል የለም።

ሳጥን 6። የዘርትሁን ፊት፣ አፏን በእጇ አፍናለች። አያት፣ ከሳጥኑ ውጭ፦ «ምን ሆንሽ ልጄ? ተናገሪ እንጂ!»

ሦስት ነገር አስተውሉ። ስድስተኛው ሳጥን መልስ አይሰጥም፤ ልጁ ገጹን የሚገልጠው ለዚህ ነው። ቃል የሌላቸው ሳጥኖች ታሪኩ ላይ ከባዱን ሥራ ሠርተዋል። ልጅቷ በሌላ ገጽ ለአያቷ ስትናገር ደግሞ በአንቱታ ነው፤ «አባባ፣ አይርገጡት!» ትላለች እንጂ «አትርገጠው» አትልም። የራያ ልጅ ሲያነበው ይህ አንድ ግሥ ቢሳሳት ታሪኩን አያምነውም። የአካባቢያችሁን አነጋገር ቃናም አታስተካክሉት፤ ቆቦ እንደሚነገረው ይነገር።

ጽሑፉ

ጀማሪ ሁሉ ክቡን መጀመሪያ ያከባል፣ ከዚያ ቃሉን ውስጡ ያጨናንቃል። ገልብጡት። ንግግሩን በእርሳስ ጻፉ፣ ቀጥሎ በዙሪያው ክቡን አድርጉ። የአማርኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም ይዞ ስለሚረዝም አንድ ቃል ሙሉ መስመር ሊወስድ ይችላል፤ በአንድ ሳጥን ከአሥር ከአሥራ ሁለት ቃል አትለፉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ጩኸትን በወፍራም እስክሪብቶ፣ ሹክሹክታን በቀጭንና በትንሹ አሳዩ። ለድምፅ ደግሞ ቋንቋችን ባለጸጋ ነው፤ ጧ፣ ሿ፣ ዱብ፣ ቀጭ፣ ጓ፣ ዥው። ከሌላ ቋንቋ አትዋሱ። ጎርፉ ሲመጣ «ጓ» የሚለውን ፊደል ከሳጥኑ አውጥታችሁ ገጹን አቋርጦ እንዲሄድ አድርጉት።

የሚቻላችሁ ከሆነ በእጅ ጻፉ። በኮምፒውተር የተጻፈ ፊደል ከእጅ ሥዕል ጋር አይዋሐድም።

ማተም

አራት ኤ4 ወረቀት ከመሐል ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ቅጽ ይበቃል። የገጽ ቅደም ተከተል እንዳይምታታባችሁ ባዶ ወረቀቶቹን አስቀድማችሁ አጥፉ፣ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ስጡ፣ ከዚያ ዘርጉ። ገጽ 1 ከገጽ 16 ጋር በአንድ ፊት እንደሚውል ያን ጊዜ ይታያችኋል። በየዳሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፤ ፎቶ ኮፒ ማሽን ዳሩን ይበላል። በእርሳስ ያጠላችሁት ግራጫ በኮፒ ይጠፋል ወይም ይቆሽሻል፤ ጥላን በጥቁር መስመር ድርድር አድርጉት። የእርሳሱን መስመር በእስክሪብቶ ካደመቃችሁ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃችሁ አጥፉት።

ቀለም ውድ ነው፤ ግን አቀንጭራ አንድ ቀለም ብቻ ይፈልጋል። ሃያ ኮፒ ካወጣችሁ በየኮፒው ላይ አበባውን በወይን ጠጅ ማርከር በእጅ ቀቡት። በጥቁርና ነጭ ገጽ መሐል ያቺ አንዲት ቀለም ባላንጣው ያለበትን ቦታ ሁሉ ትናገራለች።

ሱፐርማንን ወይም የጀምበርን ገጸ ባሕርይ ወስዳችሁ አትሽጡ፤ የሌላ ሰው ንብረት ነው። የእናንተም ሥራ እንዲሁ የእናንተ ነው፤ የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። የደራሲውንና የሰዓሊውን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን ገጽ አንድ ላይ ጻፉ። ሁለት ሆናችሁ ከሠራችሁ ማን ምን እንደሠራ ከመታተሙ በፊት በወረቀት አስቀምጡ፤ ጓደኝነት የሚበላሸው ኮሚኩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ለአንባቢ ከመስጠታችሁ በፊት

አንድ ኮፒ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ስጡና ዝም ብላችሁ ተመልከቱት። ወደ ኋላ የተመለሰበትን ገጽ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ የሳጥን ቅደም ተከተል ተበላሽቷል። ከዚያ ማሽላ ለሚዘሩ ትልቅ ሰው አሳዩ። «አቀንጭራ እንዲህ አይደለም» ካሉ ተከራክራችሁ አታሸንፏቸውም፤ አስተካክሉ። በመጨረሻ ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ስጡ፤ ገጾቹን ግድግዳ ላይ ለጥፈው በአንድ ቀን ትምህርት ቤቱን ሁሉ ያስነብቡላችኋል። ገጹን በስልክ አንሥታችሁ በቴሌግራም ብትልኩት ዋጃና አላማጣም ይደርሳል።

የቆቦ መምህራን፣ ሥዕል የሚሞክር ተማሪ ደብተሩን በሥዕል ሞላ ብላችሁ አትቅጡት፤ ወረቀት ስጡት። እናንተ ሰዓሊዎቹ ደግሞ ጊዜውን አስሉ። ማሽላ ሲዘራ ብትጀምሩ፣ በሳምንት አንድ ገጽ ብትጨርሱ፣ እስከ አጨዳ 16 ገጽ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ኮፒ ጥያቄያችሁን ለመለሱላችሁ ለእኒያ ገበሬ አድርሱ።